የዶብሶኒያን ቴሌስኮፕ ኢንኮደር ሲሳሳት፦ ጥፋቱን ከቁጥሩ ማንበብ

ዶብሶኒያን በሚዞር ሳጥን ላይ ተቀምጦ በእጅ የሚገፋ ቴሌስኮፕ ነው፤ ኢንኮደር ደግሞ ዘንጉ ምን ያህል እንደዞረ ቆጥሮ ለማሳያው (ለትንሿ ኮምፒውተር) የሚናገር ዕቃ ነው። ማሳያውን በሁለት ኮከብ አስተካክላችሁ፣ ወደምትፈልጉት አካል የቀረው ርቀት ዜሮ ዜሮ እስኪል ቱቦውን ገፍታችሁ፣ አይፒሱ (ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ) ውስጥ ግን ባዶ ሰማይ ብቻ ካያችሁ ኢንኮደሩ ተቃጠለ ብላችሁ አዲስ ለማዘዝ አትቸኩሉ። ኢንኮደሩ ራሱ የሚሞተው ከስንት አንዴ ነው። ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ የላላ ብሎን፣ የታጠፈ ክንድ ወይም የደከመ ገመድ ነው። የትኛው እንደሆነ ደግሞ የተሳሳተው ቁጥር ራሱ ይናገራል።

ምርመራው ኮከብ አይፈልግም፤ በቀን ሳሎን ውስጥ ሥሩት። እርሳስ፣ ስኮች፣ ውሃ ልክ፣ ባለ ስድስት ጎን ቁልፍና መልቲሜትር ይበቃል።

ስንት ስሕተት ስሕተት እንደሚባል አስቀድማችሁ እወቁ። አንድ ዙር 21,600 አርክ ደቂቃ (የዲግሪ ስልሳኛ) ነው። ኢንኮደራችሁ በዙር 10,000 ከቆጠረ አንዱ ቆጠራ 2.16 አርክ ደቂቃ ይሆናል፤ 8,192 ከቆጠረ 2.64። ሙሉ ጨረቃ 30 አርክ ደቂቃ ገደማ ስለምትሰፋ በሁለት ሦስት ቆጠራ መዛነፍ በዝቅተኛ ማጉያ አይፒስ ምንም አያጎድልም። እሱን ማሳደድ ድካም ነው።

አሁን የኢንኮደሩን ቁጥር በቀጥታ የሚያሳየውን ገጽ ክፈቱ። በኦራየን ኢንተሊስኮፕ (ኢንኮደርና ማሳያ ያለው የዶብሶኒያን ዓይነት) ላይ የኢንተር ቁልፉን ተጭናችሁ ይዛችሁ ስታበሩት የተደበቁት የሙከራ ገጾች ይመጣሉ። በሚዞረው ሳጥንና በታችኛው ሰሌዳ ላይ ስኮች ለጥፉና ሁለቱን የሚያቋርጥ አንድ ቀጭን መስመር በእርሳስ አስምሩ። ቁጥሩን ዜሮ አድርጉ፣ ሳጥኑን በዝግታ አንድ ሙሉ ዙር አዙሩ፣ መስመሮቹ ሲገጥሙ ቁጥሩን ጻፉ። ሦስት ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ሦስት ጊዜ ወደ ግራ።

በየዙሩ የሚመጣው ስሕተት አንድ ዓይነት ከሆነ ዕቃው ደኅና ነው፤ የተሳሳተው ማሳያው ውስጥ የተሞላው ቁጥር ነው። በተለይ ውጤቱ አራት እጥፍ ወይም ሩብ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፦ 2,500 መስመር ያለው ኢንኮደር እያንዳንዱን መስመር አራት ጊዜ ስለሚቆጥር 10,000 ይቆጥራል፤ እናንተ 2,500 ብላችሁ ሞልታችሁታል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ አቅጣጫው ብቻ ከተገለበጠ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን ቀይሩት።

ስሕተቱ በየዙሩ የሚለያይ ከሆነ የሆነ ቦታ መንሸራተት አለ። መጀመሪያ የመሃል ብሎኑን ጠርጥሩ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ብሎኑ ከታችኛው ሰሌዳ ጋር ታስሮ ይቆማል፣ የኢንኮደሩ ዘንግ ብሎኑን ይይዛል፣ የኢንኮደሩ አካል ግን በክንዱ አማካይነት ከሳጥኑ ጋር ይዞራል። ብሎኑ አብሮ ከዞረ ቆጠራ ይጠፋል። በብሎኑ ራስና በሰሌዳው ላይ አንድ መስመር፣ በብሎኑ ጫፍና በኢንኮደሩ ዘንግ መጋጠሚያ ላይ ሌላ መስመር አስምሩና ሳጥኑን አዙሩ። የታችኛው ከተሰበረ ዳዶውን ከሰሌዳው ጋር አጥብቁ፤ የላይኛው ከተሰበረ ትንሿን ማሰሪያ ብሎን። እሷን ስታጠብቁ ጫፏ ዘንጉ ላይ ባለው ጠፍጣፋ ጎን መቀመጡን እዩ፤ ክቡ ላይ ካረፈች ዛሬ ይዛ ነገ ትለቃለች።

ሙሉ ዙር ላይ ትክክል ሆኖ ግማሽ ዙር ላይ የሚሳሳት ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ ኢንኮደሩ ከዘንጉ መሃል ወጥቷል። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ክንዱ 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ኖሮት ኢንኮደሩ በ1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ ስሕተቱ እስከ 0.57 ዲግሪ ይደርሳል፤ ይህ ከጨረቃ ስፋት ይበልጣል። መሃሉን አስተካክሉ፤ ካልተቻለ ክንዱን አርዝሙት። ክንዱን ግን ጥርቅም አድርጋችሁ አትሰሩት፤ ክንዱን ከሳጥኑ የሚያያይዘው ፒን በክፍተቱ ውስጥ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በነጻ መንሸራተት፣ ወደ ጎን ግን አለመወዛወዝ አለበት።

የከፍታው ዘንግ ሙሉ ዙር ስለማይዞር ቱቦውን ከአግድም ወደ ቀጥ አውጡት፤ በ10,000 ኢንኮደር 2,500 ይጠበቃል። 90 ዲግሪው ከምድር ሳይሆን ከሳጥኑ ወለል የሚለካ ስለሆነ መጀመሪያ ወለሉን በውሃ ልክ አስተካክሉ። የኢንተሊስኮፕ ማቆሚያ ሰሌዳ (ቱቦው ቀጥ ሲል የሚያርፍበት) ትንሽ ከተዛነፈ፣ በኮከብ ካስተካከላችሁ በኋላ የሚታየው የዋርፕ ቁጥር (የማስተካከያውን ጥራት የሚናገረው) ከ0.5 በላይ ይወጣል፤ ኢንኮደሩ ግን ምንም አላጠፋም።

በዝግታ ስታዞሩ ትክክል፣ በፍጥነት ስታዞሩ ግን የሚጎድል ከሆነ ማሳያው መቁጠር አልደረሰለትም፤ ቱቦውን ቀስ ብላችሁ ግፉ። ቁጥሩ ሳይጨምር በአንድ ብቻ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ከሁለቱ የምልክት ገመዶች አንዱ ተቋርጧል። የሁለቱን ዘንጎች ገመዶች አለዋውጡ፤ ጥፋቱ ከገመዱ ጋር ከሄደ ገመዱ ነው፣ ከቀረ ኢንኮደሩ ወይም ሶኬቱ ነው። በመልቲሜትር ስትለኩ በአብዛኞቹ ኢንኮደሮች የኃይል መስመሩ 5 ቮልት ያሳያል፤ የምልክት መስመሮቹ ደግሞ ዘንጉን በጣም በዝግታ ስታዞሩ ወደ ዜሮ ወርደው መልሰው ይወጣሉ። ምትክ ገመድ ስትገዙ ተጠንቀቁ፦ የስልክ ገመድ የሚመስለው ጠፍጣፋ ገመድ ቀጥ ያለም የተገለበጠም ዓይነት አለው። የሁለቱን ጫፍ ቀለማት ጎን ለጎን ይዛችሁ ከአሮጌው ጋር አመሳስሉ፤ 5 ቮልቱ ወደማይገባው መስመር ከገባ ያን ጊዜ ኢንኮደሩ በእርግጥም ይቃጠላል።

ሁሉም ተፈትሾ ማታ አሁንም ከሳተ የኮከብ ምርጫችሁን እዩ። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ አቧራና ጭጋግ ውስጥ ይሆናል፤ ቤቴልጊውስ ደግሞ ሰማዩን ሲያቋርጥ አናት ላይ ሊደርስ 2 ዲግሪ እንኳ አይቀረውም። አናት አጠገብ ትንሽ መዛነፍ በዙሪያው ዘንግ (ሳጥኑ በሚዞርበት) ላይ ብዙ ዲግሪ ስለሚሆን ለማስተካከያ አይበጅም። በጥርና በየካቲት ምሽት ሲሪየስንና ካፔላን ያዙ፤ 65 ዲግሪ ያህል ይራራቃሉ፣ ሁለቱም ከአድማስም ከአናትም በቂ ርቀት አላቸው።