«ምንም መብራት የለባትም»፦ ያገለገለ መኪና ስንገዛ ዳሽቦርዱና ፓርኪንግ ሴንሰሩ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

መኪናዋን የገዛኋት እሑድ ጠዋት ነበር። አስነሳኋት። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የለም፣ ቢጫ የለም። ደላላው «አየህ? ንፁህ ናት» አለኝ። አመንኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለፍሬን ሸራ ብዬ ጋራዥ ገባሁ። መካኒኩ ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን አዞረና ዳሽቦርዱን አየ። አጠፋው። እንደገና አዞረ። ከዚያ ቀና ብሎ «የኤርባግህ መብራት የት ሄደ?» አለኝ።

የለም። አምፖሏን አውጥተዋታል። የመሪውን ሽፋን ሲፈታው ሥሩ ባዶ ነው። መኪናዋ የሆነ ጊዜ ተጋጭታ ኤርባጉ ፈንድቷል፤ አዲስ መግዛት ውድ ስለሆነ መብራቱን ማጥፋት ቀለላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ዳሽቦርድ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ መጠራጠር ጀመርኩ።

«ምንም መብራት የለባትም»

ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። የምናየው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ነው፤ መታየት ያለበት ግን ከመነሳቱ በፊት ነው። ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉና ቁሙ። በቁልፍ ሳይሆን አዝራር በመጫን የምትነሳ ከሆነ ደግሞ ፍሬን ሳትረግጡ ሁለቴ ተጫኑ። በዚህ ሰዓት ዳሽቦርዱ እንደ ገና ዛፍ ሊበራ ይገባል። መኪናው የራሱን መብራቶች እየፈተሸ ነው። ኤርባግና ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ለጥቂት ሰከንድ በርተው ራሳቸው ይጠፋሉ። የዘይቱ፣ የባትሪውና ቼክ ኢንጂን የሚባለው የሞተር ብልሽት ምልክት ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ በርተው ይቆያሉ።

ሊበራ ይገባው የነበረ ምልክት ካልበራ፣ መኪናው ጤነኛ ስለሆነ አይደለም። አፉን ዘግተውታል ማለት ነው።

የባሰም አለ። አንዳንዱ ጮሌ ኤሌክትሪሺያን የኤርባጉን መብራት ገመድ ከዘይቱ ወይም ከባትሪው መብራት ጋር ያገናኘዋል። ስለዚህ ቁልፍ ሲዞር ይበራል፣ ሞተር ሲነሳ ይጠፋል፤ ገዢው ደስ ይለዋል። የሚጋለጠው በሰዓቱ ነው። የኤርባግ መብራት የራሱ ቆጠራ አለው፤ ብዙ ቶዮታዎች ላይ ስድስት ሰከንድ ገደማ ነው። ሞተሩ ተነሳ አልተነሳ አያገባውም። ሁለቱ መብራቶች እኩል፣ በአንድ ቅጽበት ከጠፉ ጠርጥሩ። እኔ አሁን በስልኬ ቪዲዮ እቀርጸዋለሁ፤ ቤት ገብቶ ዘና ብሎ ማየት ይቻላል።

«ቼክ ኢንጂን ነበረ፣ ተሠርቷል»

ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። የባትሪው ገመድ ለጥቂት ደቂቃ ተነቅሎ ተመልሶም ሊሆን ይችላል። ብዙ መኪኖች ላይ ይህ ብቻ የተመዘገበውን የብልሽት ኮድ ይሰርዛል። በርካሽ ስካነር ማጥፋትም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። መብራቱ ተመልሶ የሚመጣው ከተወሰነ መንገድ በኋላ ነው፤ ያኔ እናንተ ብሩን ከፍላችኋል።

መድኃኒቱ ያው ስካነር ነው። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት ይሰካል። ኮድ አለ የለም ብላችሁ ብቻ አትውጡ። «ሞኒተር» የሚለውን ክፍል ክፈቱ። መኪናው የጭስ ማጣሪያውን፣ የኦክስጅን ሴንሰሩንና ሌሎቹን ፈትሾ መጨረሱን እዚያ ይናገራል። ሻጩ «በየቀኑ ሥራ እሄድባታለሁ» እያለ ብዙዎቹ ገና አልተፈተሹም የሚል ከመጣ፣ በቅርቡ አንድ ሰው መዝገቡን አጥፍቶት ሊሆን ይችላል።

በነገራችን ላይ ቼክ ኢንጂን ዝም ብሎ ሲበራና ብልጭ ድርግም ሲል አንድ አይደለም። ብልጭ ድርግም ካለ ሞተሩ አንዱን ሲሊንደር እየሳተ ነው፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ ጭስ ማጣሪያው ውስጥ ገብቶ ያቃጥለዋል። ነዳጅ መርገጡን ቀንሱና ዳር ያዙ።

«ቀይም ቢጫም ያው መብራት ነው»

አይደለም። ቢጫ «ጋራዥ ሂድ» ነው። ቀይ «ቁም» ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ አብዛኛውን ጊዜ «ይህ ነገር እየሠራ ነው» ከማለት አያልፉም።

ከቀዮቹ አንዷን ብቻ ለዩ ብባል ጀበናዋን እመርጣለሁ። ጀበና የምትመስል፣ ከአፏ ጠብታ የምትወርድ ምልክት። ብዙ ሰው «ዘይት ቀነሰ ማለት ነው፣ ቅዳሜ እጨምራለሁ» ይላል። የብዙ መኪና ጀበና ግን የዘይቱን መጠን አትለካም፤ የምትለካው ግፊቱን ነው። እሷ ስትበራ ዘይቱ ወደ ሞተሩ ክፍሎች እየደረሰ አይደለም። ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው። ቅዳሜ ቀርቶ ቀጣዩ አደባባይም ሩቅ ነው። ዳር ያዙ፣ ሞተር አጥፉ፣ መኪና ይጎትታችሁ። ሞተር ከማውረድ መጎተት ይረክሳል።

ሞተሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚበራው ቀዩ ቴርሞሜትርም እንዲሁ ነው። «ትንሽ ነው የቀረኝ» እያሉ የነዱ ሰዎች ናቸው ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) የሚያሠሩት። ስትቆሙ ደግሞ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ እንዳትከፍቱ።

«ሰማያዊዋ ምንም ማለት አይደለም»

እንደ ቪትዝና ያሪስ ያሉ ብዙ መኪኖች የሙቀት ቀስት የላቸውም። በምትኩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን የምትበራ ሰማያዊ ቴርሞሜትር አለች፤ ሲሞቅ ትጠፋለች። ለነጂ ብዙም አትጠቅም። ለገዢ ግን ምስክር ናት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቀጠሮ ይዛችሁ፣ ሻጩ «ከማታ ጀምሮ ቆማለች» ብሏችሁ፣ ስታስነሱ ሰማያዊዋ ካልበራች አምፖሏ ወጥታለች፣ ወይም እናንተ ሳትመጡ አሙቀዋታል። ለምን አሞቋት? ሞተር ድምፁንና ጭሱን የሚያሳየው በብርዱ ሲነሳ ነዋ!

«ባትሪዋ ደክማለች»

የባትሪ ምልክት እየነዳችሁ ከበራ ባትሪ ለመግዛት አትሩጡ። ምልክቱ የሚለው «ቻርጅ እየተደረገ አይደለም» ነው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ባትሪውን የሚሞላው የዲናሞ ወይም ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ የቺንጋው ነው። አዲሱንም ባትሪ ባዶ ያደርገዋል።

«ፒ ያው ፓርኪንግ ነው»

ሁለት ፒ አለ። በክብ ውስጥ ያለው ቀይ ፒ፣ ወይም በክብ ውስጥ ያለ ቃለ አጋኖ፣ ከፍሬን ጋር ነው ጉዳዩ። መጀመሪያ እጅ ፍሬኑን አውርዱ። አውርዳችሁም ካልጠፋ የፍሬን ዘይቱ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ሸራው ስላለቀ ወይም የሆነ ቦታ ስለሚያፈስ። ከዚህ ጋር ቀልድ የለም። ሌላው ፒ ጎኑ ላይ እንደ ድምፅ ሞገድ ቅስት ቅስት ያለበት ነው፤ የፓርኪንግ ሴንሰሩ ምልክት ይኸኛው ነው። «ኦፍ» ተጽፎበት ከበራ አንድ ሰው አዝራሩን ተጭኖ አጥፍቶታል። ተጭናችሁ ልትመልሱት ሞክሩ። እምቢ ካለ ሴንሰሩ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋውም ጩኸቱ ስላስቸገራቸው ይሆናል።

«ካልጮኸ ምንም የለም»

ጎረቤታችን ሴንሰር ያላት መኪና የገዙ ሰሞን ደስታቸው ለጉድ ነበር። አንድ ማታ ግቢያቸው በር ላይ ወደ ኋላ ሲመጡ ሴንሰሩ ጭጭ አለ። እሳቸውም መጡ። የኋላ ግራ ጎማ ክዳኑ የተሰረቀ የውሃ መውረጃ ውስጥ ገባ። ሰፈሩ ወጥቶ ተሸክሞ አወጣው። «አልጮኸችም እኮ!» እያሉ ነበር፣ የእጅ ባትሪ ይዘው ጉድጓዱን እያበሩ።

ሴንሰሩ አልዋሸም። ሥራው እንደ ሌሊት ወፍ ነው፤ ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ይልካል፣ ዕቃ ነክቶ እስኪመለስ ጊዜውን ይቆጥራል። ጉድጓድ ድምፅ አይመልስም። ስለዚህ ቦይ፣ ክፍት ማንሆልና የተቆረጠ አስፋልት ለእሱ የሉም። ቀጭን ብረትና ሽቦም ያመልጡታል። ከፓራውልቱ በታች ያለ ዝቅተኛ ድንጋይም እንዲሁ። ወፍራም ልብስ ድምፅ ስለሚውጥ፣ ጋቢ የደረቡ አዛውንት ከግድግዳ ይልቅ ለሴንሰር ይደበዝዛሉ። ጭቃ ከሸፈነው ደግሞ ወይ ዝም ይላል ወይ ያለምክንያት ይጮኻል፤ ክረምት ላይ በጨርቅ መጥረግ ነው።

«መስመሩ ውስጥ እስካልገባ አልነካም»

የኋላ ካሜራው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መስመር የተሰላው ሜዳ ላይ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ሜዳ የላትም። ከኋላችሁ ያለው መንገድ ዳገት ከሆነ ዕቃው ካለበት ርቆ ይታያችኋል። «ገና ነው» ብላችሁ ስትመጡ ቋ! ቁልቁለት ከሆነ ተቃራኒው ነው፤ እሱ እንኳ ደግ ነው።

ኢሱዙ ከኋላችሁ ከቆመ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። መስመሩ መሬት ላይ የተነጠፈ ነው። የኢሱዙው ጎማ ከመስመሩ ውጭ ይታያል፣ የጭነት ሳጥኑ ግን ከጎማው አልፎ ወደ እናንተ ወጥቷል። የኋላ መስታወታችሁን የሚያገኘው እሱ ነው።

ካሜራው በኋላ የተገጠመ ከሆነ ከመንዳታችሁ በፊት አንድ ሰው ከኋላ በቀኝ በኩል አቁሙ። ስክሪኑ ላይም በቀኝ መታየት አለበት። ፊት ለፊት እንዲገጠም የተሠራ ካሜራ ኋላ ገጥመው ግራና ቀኙ የተገላበጠበት መኪና በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ ላይ የፓርኪንግ ልጆቹ «ና፣ ና፣ ቀኝ ስበር!» ሲሉ ጭንቅላት ይዞራል።

«ቻይንኛ ስለሆነ አይገባኝም»

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው፤ አሁን ያገለገሉትም መሸጥ ጀምረዋል። ጽሑፉ ቻይንኛ ነው፣ ምልክቶቹ ግን በአብዛኛው ዓለም አቀፉን አይኤስኦ 2575 የተባለ ደረጃ ይከተላሉ። ኤርባግ እዚያም ኤርባግ ነው። ጽሑፉን በስልክ መተርጎሚያ ካሜራ አንብቡት። አንድ አዲስ እንግዳ ግን አለ፦ ኤሊ። ኤሊዋ ስትበራ መኪናው ጉልበቱን ቀንሷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ቻርጁ ስላለቀ። ቻርጅ ሞልቶ እያለ ኤሊ ካያችሁ ግን ባትሪውን ሳታስመረምሩ አንድ ብር አትክፈሉ።

«ሴንሰር አላት» ብሎ ማለፍ

ፓራውልቱ ላይ አራት ክብ ስላለ አራቱም ይሠራሉ ማለት አይደለም። ተጋጭታ ስቱኮ ተቀብታ፣ ቀለም ተደራርቦባት የደነቆረች ብዙ ናት። እጅ ፍሬኑን ያዙ፣ ወደ ኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሬኑን የሚረግጥ ሰው መሪው ላይ ይቀመጥ። እናንተ በጎን በኩል ሆናችሁ ጣታችሁን እያንዳንዱ ክብ ላይ አሳርፉ። የሚሠራው ቱክ ቱክ ቱክ ይላል፤ የሚልከው ድምፅ ባይሰማም፣ ጆሮ ካስጠጋችሁ ይህ ምቱ ይሰማል።

ሁለተኛዋን መኪና ስገዛ ጀሪካን ይዤ ነው የሄድኩት። ግማሽ ሜትር ገደማ ላይ አቁሜ ከጥግ እስከ ጥግ አንቀሳቀስኩት። ሦስቱ ጮኹ። የግራው ጥግ ዝም። ሻጩ ጃኬቱን እየቆለፈ «ጠዋት ብርድ ሲሆን ታኮርፋለች» አለኝ። ጀሪካኑን አንስቼ ስለ ዋጋው እንደገና ማውራት ጀመርን።