ማርኩ አለ፣ ሙያውስ? በቴክኒክና ሙያ ምዘና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ማሰልጠን ከጀመርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካሰለጠንኳቸው ልጆች አንዱ 84 አምጥቶ ጨረሰ። ጎበዝ ነበር፣ እጁም ፈጣን ነው። ከተመረቀ ጥቂት ወራት በኋላ ሰው ቤት ሶኬት ሲቀይር ኤሌክትሪክ ያዘው። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ። ልጠይቀው ስሄድ «ቲቸር፣ ብሬከሩን እኮ አጥፍቼ ነበር» አለኝ። ያጠፋው ግን የሌላ ክፍል ብሬከር ነው። ሽቦውን ከመንካቱ በፊት በቴስተር አላየውም።

ማታ ቤቴ ገብቼ የድሮውን የውጤት ወረቀት አወጣሁ። «ኃይል መቋረጡን በቴስተር ማረጋገጥ» የምትል መስመር አለች፣ 5 ነጥብ የያዘች። ዜሮ ሰጥቼዋለሁ። በገዛ እጄ። ከዚያ ሌላውን ሁሉ ደምሬ 84 ብዬ አሳለፍኩት።

ከዚያ ወዲህ ምዘና ላይ የምንሠራቸውን ስህተቶች መመዝገብ ጀመርኩ። አብዛኞቹን እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ድምሩን አይቶ ብቁ ነው ማለት

ከሁሉም የሚከፋው ይኼ ነው። የአገራችን የቴክኒክና ሙያ ስልጠና ውጤት ተኮር እንዲሆን ከተወሰነ ቆይቷል፤ ስትራቴጂው የወጣው በ2000 ዓ.ም. ነው። በደረጃ የተከፋፈለው ሥርዓት የቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ሰልጣኙ ሥራውን መሥራት ይችላል ወይስ ገና ነው? ለእያንዳንዱ የብቃት አሃድ፣ ማለትም ለብቻው ለሚመዘን የሙያው ክፍል፣ መልሱ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ነው። እኛ ግን ከልጅነታችን የለመድነው መቶኛ ነውና ሁሉንም እንደምራለን። ስንደምር ጥሩው መጥፎውን ይሸፍነዋል። የጽሑፍ ፈተናው 95፣ የቤት ሥራው 10 ከ10፣ ክትትሉ ሙሉ። በዚህ ሁሉ መሃል ሰው ሊገድል የሚችል ክፍተት ተደብቆ ያልፋል። ግድግዳው ውስጥ ያለው 220 ቮልት ደግሞ የልጁን አማካይ ውጤት አያውቅም።

አሁን የተግባር ወረቀቴን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። ከላይ ነጥብ የሌላቸው፣ «ሠራ» ወይም «አልሠራም» ብቻ የሚባልባቸው ወሳኝ ተግባራት አሉ። ትክክለኛውን ብሬከር ማጥፋት። ኃይል መቋረጡን በቴስተር ማየት። ቴስተሩ ራሱ እንደሚሠራ ኃይል ባለበት ቦታ ቀድሞ መሞከር። ግራውንዱ (ወደ መሬት የሚወርደው የደህንነት ሽቦ) እስከ መጨረሻው መገናኘቱን በመልቲሜትር መለካት። ከእነዚህ አንዷ ከጎደለች ሥራው ይደገማል፣ ሌላው የቱንም ያህል ቢያምር። ንጽሕናው፣ ፍጥነቱ፣ የሽቦው አቀማመጥ ከታች በነጥብ ይመዘናል። ሬጅስትራር ማርክ ይፈልጋል፣ እሱንም እልካለሁ። ነገር ግን ወሳኞቹ ሳይሟሉ ማርክ የሚባል ነገር አልጽፍም።

ዓላማውን በማይታይ ቃል መጻፍ

«ሰልጣኙ የኤሌክትሪክ ጭነትን ይረዳል» ብለን እንጽፋለን። መረዳቱን በምን እናየዋለን? ቃሉ ስለማይታይ ፈተናው ወደ ትርጉም ጥያቄ ይወርዳል። «የኦም ሕግ ምንድን ነው?» ልጁ ከደብተሩ ሸምድዶ ይጽፋል። ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. የትምህርት ዓላማዎችን በስድስት እርከን ሲደረድሩ ማስታወስን ታች ነው ያስቀመጡት። የእኛ የጽሑፍ ፈተና ብዙ ጊዜ ከዚያች እርከን አይወጣም።

እኔ አሁን የምጠይቀው ስለ እንጀራ ምጣድ ነው። «የእናታችሁ ምጣድ 3500 ዋት ነው። በ10 አምፔር ብሬከር ላይ ቢሰካ ምን ይሆናል? ለምን?» 3500ን ለ220 ማካፈል አለበት፣ ወደ 16 አምፔር ይመጣለታል። ከዚያ ብሬከሩ እንደሚወርድ፣ ሽቦውም ለዚያ ጭነት የሚበቃ መሆን እንዳለበት መናገር አለበት። ሸምድዶ የመጣ ልጅ እዚህ ላይ ይቆማል። ትርጉሙን ረስቶ ነገሩ የገባው ልጅ ግን ያልፋል፣ ማለፍም አለበት። ዓላማውንም እንዲህ ቀየርኩት፦ «ለተሰጠው ዕቃ የሚስማማውን ብሬከርና ሽቦ አስልቶ ይመርጣል።» መምረጡን በዓይኔ አያለሁ።

አንዱ ሲሠራ ለስድስቱ ማርክ መስጠት

ይኼን ስናገር የዕቃ ችግሩ ጠፍቶኝ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ በወሎ ብዙ የትምህርት ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ባዶ ወርክሾፕ ውስጥ ቆሞ ማሰልጠን ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። በአንድ ቦርድ ላይ ስድስት ልጆች ከማቆም ሌላ ምርጫ ያልነበረን ጊዜ ነበር። ስህተቱ በቡድን ማሠራታችን አልነበረም፣ በቡድን መመዘናችን ነው። አንዱ ቀልጣፋ ፒንሳውን ይይዛል፣ ሌላው መብራት ያበራለታል፣ አንዷ ጥግ ቆማ ታያለች። ስድስቱም 80 ያገኛሉ።

ያገኘሁት መላ ወጪ የለውም። ቡድኑ ሠርቶ ሲጨርስ ሁሉንም አስወጣለሁ። ቦርዱ ላይ አንድ ሽቦ አላላለሁ፣ ወይም ፌዙንና ኒውትራሉን አገለባብጣለሁ። ከዚያ አንድ በአንድ አስገባቸዋለሁ። ለአንድ ሰው አሥር ደቂቃ። «ችግሩን ፈልግና አሳየኝ።» ለስድስት ልጅ አንድ ሰዓት ነው። በመጀመሪያው ቀን ያቺ ጥግ የምትቆመው ልጅ በአራት ደቂቃ አገኘችው። ቀልጣፋው አላገኘውም። ወሰነ ትምህርቱን ሙሉ ተሳስቼባቸው ነበር ማለት ነው።

ቋንቋውን ፈትኖ ሙያውን ፈተንኩ ማለት

ከከሚሴና ከባቲ አካባቢ የሚመጡ፣ አፋን ኦሮሞ አፋቸውን የፈቱበት ልጆች አሉን። ከገጠር ወረዳ የመጡ፣ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው አማርኛ ተናጋሪዎችም አሉ። የጽሑፍ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ የወደቁት ጥያቄው ላይ ነው፣ ሥራው ላይ አይደለም። የደህንነት ጥያቄውን ባዶ የመለሰች ልጅ ወርክሾፕ ውስጥ «ይኼ የተላጠ ሽቦ ለምን ያሰጋል?» ስላት ከእኔ የተሻለ አስረዳችኝ። ቃሉን ነው ያላወቀችው። በዕቃው ላይ የሚጻፉትን ቃላት ማወቅ ግን ግዴታ ነው፤ ብሬከር ላይ የተጻፈውን የማያነብ ኤሌክትሪሺያን የለም። እሱን ለብቻው፣ የቃላት ፈተና ብለን እንፈትን። ሁለቱን አንቀላቅል።

መስፈርቱን በየልባችን መያዝ

አንድ ጊዜ እኔና አንድ ባልደረባዬ የአንድን ሰልጣኝ ሥራ ሳንነጋገር ለየብቻ መዘንን። እኔ 60፣ እሱ 85። ሁለታችንም በቅንነት ነው የሰጠነው። እኔ የሽቦ ጫፍ አላላጥ ላይ ጥብቅ ነኝ፣ እሱ መሥራቱን ነው የሚያየው። ታዲያ ልጁ የሚያልፈው ወይም የሚወድቀው በዕድሉ ነው ማለት ነው? አሁን ከምዘና በፊት ቡና አፍልተን ሦስት የቆዩ ሥራዎችን አብረን እናያለን። ቼክሊስቱ ላይ እስክንስማማ ድረስ። ቼክሊስቱን ለሰልጣኞቹም በመጀመሪያው ሳምንት እንሰጣቸዋለን። ፈተናው ወጣብን የሚሉ አሰልጣኞች አሉ። ሥራው ሚስጥር አይደለም እኮ፣ መሠራቱን ነው የምናየው።

ሁሉን ነገር ለሲኦሲ መተው

«ሲኦሲ ላይ ይለያል» እንላለን፣ ከስልጠናው በኋላ ያለውን የብቃት ማረጋገጫ ምዘና ማለታችን ነው። ልጁ ክፍተቱን የሚያውቀው ስልጠናው አልቆ፣ ከማያውቀው መዛኝ ፊት ቆሞ ከሆነ መቼ ያስተካክለዋል?

ሎግቡክ ላይ ፊርማ መቁጠር

ለትብብር ስልጠና ልጆቹን ወደ ኮምቦልቻ እንልካለን። ፋብሪካው እዚያ ነው፣ ሥራውም እዚያ ነው። ሲመለሱ ሎግቡካቸው፣ የሠሩት ሥራ የሚመዘገብበት ደብተር፣ ከላይ እስከ ታች ተፈርሞበታል። ለዓመታት ፊርማውን ቆጥሬ ማርክ ሰጥቻለሁ። አንድ ቀን ድርጅቱ ድረስ ሄጄ የፈረሙትን ባለሙያ አነጋገርኳቸው። «መምህር፣ ልጁ ጨዋ ነው፣ አብሽር» አሉኝ። ሥራውስ? ስል ትንሽ አሰብ አድርገው «እሱን እንኳ ለብቻው አላሠራሁትም» አሉ። እሳቸው አልዋሹም። እኔ ነኝ ያልጠየቅኩት።

አሁን ከፊርማው ጋር ሦስት ጥያቄ እልካለሁ። ልጁ ለብቻው የሠራው የትኛውን ሥራ ነው? የትኛውን አስደገሙት? ደንበኛ ቤት ብቻውን ይልኩታል? ሦስተኛዋ ጥያቄ ላይ ባለሙያዎች እውነቱን ይናገራሉ፤ ስማቸው አለበትና።

ውጤቱን መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ

ሪፖርት ጽፈን፣ ፎርም ሞልተን፣ ለዲፓርትመንት አስገብተን እንጨርሳለን። የሚቀጥለውን ባች እንደ አምናው እናሰለጥናለን። ይኼ ልፋት ሁሉ ለፋይል ከሆነ ባንለፋ ይሻል ነበር።

እኔ አንድ ወረቀት ላይ የሰልጣኞቹን ስም ወደ ታች፣ ተግባራቱን ወደ ጎን ጻፍኩ። ድምር የሚባል አምድ አላስገባሁም። ወረቀቱን እንደ ወትሮው በስም ሳይሆን በተግባር አነበብኩት። ከ31 ልጆች 19ኙ ግራውንዱን አልለኩም። አንድ ልጅ ቢስት የልጁ ነው። አሥራ ዘጠኝ ከሳቱ ግን የእኔ ነው። መለስ ብዬ ሳስብ ያንን ትምህርት የሰጠሁት በአንድ ከሰዓት፣ ሰሌዳ ላይ፣ መልቲሜትሩን ከሩቅ አሳይቼ ነበር። ለሚቀጥለው ባች ወደ ሦስተኛው ሳምንት አመጣሁት። እያንዳንዱ ልጅ በእጁ እንዲለካ አደረግኩ፣ ከዚያ በኋላ ባለው በእያንዳንዱ ሥራ ላይም ደገምነው።

በዚያ አዲስ ባች የሳቱት ስድስት ነበሩ። ቅዳሜ ጠዋት ወርክሾፕ ጠራኋቸው። አራቱ ያኔውኑ ሠሩት። ሁለቱ ሌላ ቅዳሜ አስፈለጋቸው።