ጓንዡ ለዕቃ ስትሄዱ ዲም ሰም እንዴት ይበላል?

ለንግድ ወደ ቻይናዋ ከተማ ጓንዡ የሚመላለስ ሐበሻ ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ሺያኦቤይ በተባለው ሰፈር ካሉት የአረብና የአፍሪካ ምግብ ቤቶች ሳይወጣ ይመለሳል። በጣም ይቆጨኛል። ጠዋት ሻይ እየጠጡ፣ ዲም ሰም የሚባለውን፣ በትንንሽ የቀርከሃ ዕቃ በእንፋሎት የበሰለ ምግብ እየቀማመሱ መጫወት የከተማዋ ትልቁ ጸጋ ነው።

ታኦ ታኦ ጁ እ.ኤ.አ. በ1880፣ ጓንዡ ሬስቶራንት ደግሞ በ1935 የተከፈቱ ስመ ጥር ቤቶች ናቸው። እኔ ግን ጡረተኞች ጋዜጣ ይዘው የሚቀመጡበትን የሰፈር ቤት እመርጣለሁ። አስተናጋጆቹ ጊዜ ይሰጧችኋል። ቅዳሜና እሁድ ወረፋው አይጣል ነው፤ በሥራ ቀን በእኛ 3 ሰዓት፣ በእነሱ 9 ሰዓት ገደማ ሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ዲም ሰም ውስጥ አሳማ ወይም ሽሪምፕ ያልገባበትን መለየት ከባድ ነው። ሲዩ ማይና ሃር ጋው በስስ ሊጥ የተጠቀለሉ ናቸው። የሲዩ ማይ ውስጡ አሳማ ነው። የሃር ጋው ሽሪምፕ ነው፤ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብም ይጨመርበታል። ከነጭ ራዲሽ የሚሠራው ጥብስ ሲያዩት አትክልት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ብዙውን ጊዜ ቋሊማና የደረቀ ሽሪምፕ አለ። ስለዚህ ፎቶ እያዩ ማዘዝ አያዋጣም። የሚያዋጣው ከአስተናጋጇ ጋር መግባባት ነው።

ስትገቡ «ጆ ሳን» በሉ፤ የካንቶንኛ የማለዳ ሰላምታ ነው። ከዚያ ስልካችሁ ላይ በቻይንኛ አዘጋጅታችሁ የያዛችሁትን አሳዩ፦ «የአሳማ ሥጋ፣ የአሳማ ስብና ሽሪምፕ አልበላም።» ስቡን አትርሱ፤ ሥጋ ብቻ ካላችሁ ስቡን ላይቆጥሩት ይችላሉ። ጾም ከሆነ እንቁላልና ወተትም ጨምሩበት። በስልክ እዘዙ ካሏችሁ የወረቀት ማዘዣ ካለ ጠይቁ።

አንዲት ጠና ያለች አስተናጋጅ ይህን አንብባ ከሽርጧ ኪስ እርሳስ አወጣች። ማዘዣውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የማይሆነኝን መስመር በመስመር እየሰረዘች ወረደች። አንዱ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። ማድ ቤት ገብታ ጠይቃ ተመለሰችና እሱንም ሰረዘችው። ከተረፉት ላይ ማላይ ጎ የሚባለውን ለስላሳ የእንፋሎት ኬክ፣ በእንቁላል ክሬም የተሞላ ዳቦና ምንም ያልተጨመረበት ቹንግ ፈን አዘዘችልኝ። ቹንግ ፈን ከሩዝ ዱቄት የሚሠራ ስስ ጥቅል ነው፤ ሶያ ሶስ ይፈስበታል። ሴትዮዋ ብዙም አልሳቀችም። እኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ መስተንግዶ አላውቅም።

እናንተም ክብሯን ጠብቁላት። እንደ አገራችን አታጨብጭቡ። እጅ አንሱ፣ «ም ጎይ» በሉ፤ ለመጥራትም ለማመስገንም ያገለግላል። የሻይ ማንቆርቆሪያው ሲያልቅ ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት፤ አይታ ትሞላዋለች። ሻይ ስትቀዳላችሁ በሁለት ጣት ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጉ፣ ምስጋና ነው። የመጀመሪያው ሻይ ብዙ ጊዜ ስኒና ማንኪያ ይለቀለቅበታል፤ የጎረቤታችሁን አይታችሁ አድርጉ። ፑ ኤር የሚባለውን ሻይ እዘዙ፤ ጠቆር ያለ ነው፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይስማማል።

ሻይ የሚታሰበው በሰው ነው። ደረሰኙ ላይ ስታዩት ተጭበረበርኩ ብላችሁ አትጣሉ። ቲፕ እዚያ አልተለመደም። ብር ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ ከወጣችሁ የረሳችሁ መስሏት ልትከተላችሁ ትችላለች። ሆንግ ኮንግ ከተሻገራችሁ ግን ብዙ ቤቶች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ። ጓንዡ ላይ ውለታዋን መመለስ ከፈለጋችሁ ኃላፊዋን ጠርታችሁ፣ እሷ እየሰማች፣ በስልካችሁ አስተርጓሚ አመስግኑላት።

የተረፈ ካለ «ዳ ባኦ» በሏት፣ ትቋጥርላችኋለች። ማላይ ጎ ለገበያ ውሎ ጥሩ ስንቅ ነው። ቹንግ ፈን ግን ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፤ እዚያው ጨርሱት።