ገጣሚና ሠዓሊ አብረው ሰንሰል መጽሐፍ ሲሠሩ

ሰንሰል በአገራችን ለቅዱሳን ሥዕል ሲያገለግል የኖረ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፍ የብራና መጽሐፍ ነው። ቅርጹ በወረቀትም ያምራል፤ ግጥምንና ሊኖሌም (በስለት የሚቀረጽ ለስላሳ ንጣፍ) ላይ ተቀርጾ የሚታተም ሥዕልን አንድ ላይ ያስኬዳል።

ገጣሚው ያለቀ ግጥም ይዞ አይምጣ። ያለቀለት ግጥም የተሰጠው ሠዓሊ ማስጌጫ ከመሥራት በቀር ምርጫ የለውም። መጀመሪያ ተራ ወረቀት አጥፋችሁ ባለ 8 ገጽ ናሙና ሥሩ፤ የትኛው ለቃል፣ የትኛው ለሥዕል፣ የትኛው ባዶ እንደሚሆን በእርሳስ ተስማሙበት። ሲዘረጋ የመጨረሻው ስንኝ ከመጀመሪያው እኩል ስለሚታይ፣ አንባቢውን መጨረሻ ላይ ሊያስደንቅ የታሰበ ግጥም እዚህ አይሆንም።

ወረቀቱ በካሬ ሜትር 200 ግራም የሚመዝን፣ ቁመቱ 20፣ ርዝመቱ 96 ሳንቲሜትር ይሁን። ቃጫው (የወረቀቱ ክሮች የተደረደሩበት አቅጣጫ) በቁመቱ መሄድ አለበት፤ አለዚያ መታጠፊያው ይሰነጠቅና ቀለሙ ይረግፋል። ለማወቅ በሁለቱም አቅጣጫ ለዘብ አድርጋችሁ ጎንበስ አድርጉት፤ እሺ ብሎ የሚታጠፈው በቃጫው መስመር ነው። ማስመሪያውን ሳታነሡ 12፣ 24፣ 36 እያላችሁ ነጥብ አድርጉ። ገጹን አንድ በአንድ ከለካችሁ የ1 ሚሊሜትር ስህተት እየተጠራቀመ መጨረሻው ይጣመማል። የገጹ ቁጥር ተጋማሽ ካልሆነ ደግሞ የኋላው ሽፋን ሥዕሉ ላይ ይለጠፋል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ፊደሉ ላይ ነው። ሊኖሌሙ ላይ ተገልብጦ ያልተቀረጸ ፊደል ሲታተም ይገለበጣል። «ለ» ስለማያስታውቅ ያዘናጋል፤ «ባ» ግን «ቦ»ን፣ «ሳ» «ሶ»ን መስሎ ይወጣል፤ ረጅሙ እግር ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራልና። ጽሑፉን በስስ ወረቀት ጻፉ፣ ገልብጡት፣ በካርቦን አሳርፉት፤ ከመቅረጻችሁ በፊት ገጣሚው በመስታወት ያንብበው። የሰው ፊትና ፊደል ከመታጠፊያው ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ይራቁ።

ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ እጠፉ። ለፊትና ለኋላ ሽፋን 12.6 በ20.6 ሳንቲሜትር የሆነ፣ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን እያንዳንዱ በ16.6 በ24.6 ሳንቲሜትር ጨርቅ ይለበጣል። ኮላው ስስ ይሁን፤ ከበዛ ካርቶኑ ይቆለመማል። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ጀርባ ሽፋኖቹ ላይ ለጥፋችሁ፣ እርጥበቱ ወደ ሌሎቹ ገጾች እንዳያልፍ በመሃል የላስቲክ ወረቀት አድርጋችሁ፣ 24 ሰዓት ከባድ ነገር ጫኑበት።

ለ20 ቅጂ 25 አትሙ፤ ጥቂቱ መበላሸቱ አይቀርም። የተቀረጸው ሊኖሌም ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ ከኅትመቱ በፊት ጻፉ። በየቅጂው ላይ 1/20፣ 2/20 እያላችሁ ሁለታችሁም በእርሳስ ፈርሙ።