ፍላሽ ሚሞሪን ለቡትሎደርና ለፈርምዌር መከፋፈል

ቡትሎደር ኤሌክትሪክ ሲበራ መጀመሪያ ተነስቶ ፈርምዌሩን፣ ማለትም የመሣሪያውን ዋና ፕሮግራም፣ የሚያስነሳ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሁለቱ የሚቀመጡበትን የፍላሽ ሚሞሪ ክፍፍል ከመንደፍ በፊት የማይክሮኮንትሮለሩን ማኑዋል ከፍቶ የሴክተሮቹን (በአንድ ጊዜ የሚጠፉትን የፍላሽ ክፍሎች) ሰንጠረዥ ማየት ያስፈልጋል። ፍላሽ ላይ ሲጻፍ ቢት ከ1 ወደ 0 ብቻ ይለወጣል፤ ወደ 1 የሚመለሰው ሴክተሩ ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ነው። ሁለት ፓርቲሽኖች (ለየሥራው የተመደቡ የፍላሽ ድርሻዎች) አንድ ሴክተር ከተጋሩ አንዱን ለማደስ ሲባል ሌላውም አብሮ ስለሚጠፋ፣ እያንዳንዱ ፓርቲሽን ከሴክተር መነሻ ላይ መጀመር አለበት።

ባለ 1 ሜጋባይቱን ማይክሮኮንትሮለር ኤስቲኤም32ኤፍ407 ብንወስድ፣ መጀመሪያ ባለ 16 ኪሎባይት አራት ሴክተሮች፣ ቀጥሎ ባለ 64 አንድ፣ ከዚያም ባለ 128 ሰባት ሴክተሮች አሉት። ሴክተር 0 ለቡትሎደሩ ይሰጣል፤ በኦፕሽን ባይት (የቺፑ ቋሚ ቅንብር በሚቀመጥበት ቦታ) እንዳይጻፍበት መቆለፉም ተገቢ ነው። ሴክተር 1 እና 2 የትኛው ፈርምዌር እንደሚነሳ ለሚያመለክተው መዝገብ፣ 3 እና 4 ለሴቲንግ፣ ከ5 እስከ 7 ለስሎት 1 (ስሎት አንድ ፈርምዌር የሚቀመጥበት ቦታ ነው)፣ ከ8 እስከ 10 ለስሎት 2 ይሆናሉ። በዚህ አኳኋን እያንዳንዱ ስሎት 384 ኪሎባይት ሲያገኝ ሴክተር 11 ለሎግ ይተርፋል። ኮዱ ከተቀመጠበት አድራሻ ላይ በቀጥታ የሚሠራ በመሆኑ፣ ለሁለቱ ስሎቶች በየራሳቸው የሊንከር ስክሪፕት (ኮዱ የሚቀመጥበትን አድራሻ በሚወስነው ፋይል) ሁለት የፈርምዌር ፋይል መገንባት ያስፈልጋል።

ከሁሉም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው መዝገቡ ነው። ተራ ቁጥር፣ የስሎት ቁጥር፣ የሙከራ ሁኔታና ሲአርሲ (መረጃው አለመበላሸቱን የሚያሳይ የማረጋገጫ ቁጥር) የያዘ 32 ባይት በተከታታይ ቢጻፍ፣ አንዱ ሴክተር 512 ጊዜ ከተጻፈበት በኋላ ነው ሌላውን ማጥፋት የሚያስፈልገው። አዲስ ፈርምዌር ሲመጣ በሥራ ላይ ያልሆነው ስሎት ይጠፋል፣ ይጻፍበታል፣ የተጻፈው ከፍላሹ ተመልሶ ተነቦ የፈርምዌሩ ዲጂታል ፊርማ ይረጋገጣል፤ መዝገቡ የሚጻፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ በመጨረሻ ነው። ኤሌክትሪክ በየትኛውም ቅጽበት ቢቋረጥ ሲአርሲው ትክክል የሆነው የመጨረሻው መዝገብ ስለሚታመን የቀድሞው ፈርምዌር ይነሳል። ባለ 128 ኪሎባይት ሴክተር ለማጥፋት 1 ሴኮንድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚፈጅ፣ ፕሮሰሰሩም ኮድ የሚያነበው ከዚያው ፍላሽ ከሆነ እስከዚያ ቆሞ እንደሚጠብቅ መታወቅ አለበት፤ የዋችዶጉ (ፕሮግራሙ ምላሽ ሳይሰጥ ሲቆይ ቺፑን እንደገና የሚያስነሳው ሰዓት ቆጣሪ) ጊዜ ከዚህ ካነሰ ማሻሻያው መሃል ላይ ሪሴት ይሆናል።

ቡትሎደሩ ወደ ፈርምዌሩ ከመዝለሉ በፊት የስሎቱ የመጀመሪያ ቃል ወደ ራም፣ ሁለተኛው ወደዚያው ስሎት የሚጠቁም መሆኑን ይፈትሽ። ከዚያ ኢንተራፕቶችንና (ፕሮሰሰሩን ከያዘው ሥራ የሚያቋርጡ ጥሪዎችን) ሲስቲክን (የፕሮሰሰሩን የውስጥ ሰዓት ቆጣሪ) አጥፍቶ የቬክተር ሰንጠረዡን (ለየኢንተራፕቱ የሚሠራው ኮድ አድራሻዎች ዝርዝር) አድራሻና የስታክ ፖይንተሩን (በራም ውስጥ ጊዜያዊ መረጃ የሚቀመጥበትን ቦታ የሚጠቁመውን) ያስተካክል። የቬክተሩ አድራሻ ከተረሳ ፈርምዌሩ በደህና የተነሳ ይመስልና የመጀመሪያው ኢንተራፕት ሲመጣ ወደ ቡትሎደሩ ኮድ ይገባል። ኢንተራፕቶቹን መልሶ ማብራት ደግሞ የፈርምዌሩ ሥራ ነው፤ ይህንንም ብዙ ሰው ይረሳዋል።

አዲሱ ፈርምዌር በመጀመሪያ የሚነሳው ለሙከራ ተብሎ ነው። «ደህና ነኝ» የሚለውን መዝገብ መጻፍ ያለበት ሜይን ፈንክሽኑ ሲጀምር ሳይሆን ዋና ሥራውን፣ ለምሳሌ ከሰርቨር ጋር መገናኘትን፣ ከፈጸመ በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ ተነስቶ ሳያረጋግጥ ከቀረ ቡትሎደሩ ወደ ቀድሞው ስሎት ይመለሳል። ይህን ለመሞከር በሪሌይ የቦርዱን ኤሌክትሪክ በማሻሻያው መሃል በዘፈቀደ ቅጽበት ደጋግሞ መቁረጥ፣ በተለይም መዝገቡ በሚጻፍበት ሰዓት ማነጣጠር፣ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።