ያለ ፌስታል ባሕር ዳር ገበያ እንዴት ይወጣል?

የፌስታል ክልከላ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጡ ስስ ፌስታሎችን ከልክሎ ነበር። ገበያተኛውን ግን እምብዛም አልነካውም፤ ጎመን የገዛ ሁሉ በፌስታል አንጠልጥሎ ይገባ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ግን እጃችን ድረስ መጣ። የፌስታል አምራችና ሻጭን ብቻ ሳይሆን ፌስታል ለመጠቀም ይዞ የተገኘን ሰውም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ያስቀጣል። በዚህ ገንዘብ ስንት ዘንቢል እንደሚገዛ ማስላት ነው።

ብዙ ሰው አንድ የጨርቅ ቦርሳ ይገዛና የተገላገለ ይመስለዋል። ከዚያ ዓሣ ሲገዛ ይቸገራል፣ ሽሮ ሲያስፈጭ ይቸገራል። ፌስታል እርጥቡንም፣ ደረቁንም፣ ዱቄቱንም ስለሚችል ነው የለመድነው። ስለዚህ መዘጋጀት ያለብን በሦስት ወገን ነው፦ ለደረቅ፣ ለእርጥብ፣ ለዱቄት።

መጀመሪያ ቤትዎን ይፈትሹ

ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሳጥን ላይ የተረሳ ዘንቢል አይጠፋም። ድንችና ሽንኩርት ለመሸከም ከሱ የተሻለ የለም፤ አፉ ሰፊ ነው፣ መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ይቆማል። ክዳኑ የሚገጥም ትንሽ ባልዲ፣ ባዶ የማር ወይም የቡና ብልቃጥ፣ ያረጀ ነጠላም ይፈልጉ። ሁሉም ሥራ አላቸው። በጣና ሐይቅ ዳር የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ከደንገል የሚሠሩት ቅርጫትም ለዳቦና ለፍራፍሬ ግሩም ነው። እርጥብ ነገር ግን አይስማማውም፤ ደንገል ውኃ ይጠጣል።

የሌለዎትን ብቻ ይግዙ። የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት አንድ የጥጥ ቦርሳ፣ አየር ንብረት ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ከስስ ፌስታል ለመሻል 131 ጊዜ ያህል መመላለስ አለበት። ቦርሳ ቤት ረስቶ በየሱፐርማርኬቱ በር አዲስ መግዛት ለኪስም ለአካባቢም አይበጅም።

ጨርቅ የሚመስለውን ይለዩ

ጨርቅ ተብለው ከሚሸጡት ባለቀለም ቦርሳዎች ብዙዎቹ ከፕላስቲክ ክር የተሠሩ ናቸው። ከጠርዙ አንድ ክር መዝዘው በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል። ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። እንዲህ ያለው ቦርሳ ፀሐይ ሲበዛበት ይበጣጠሳል።

ለማሰፋት አቡጀዲ ይበቃል። 90 በ45 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ለሁለት ሲያጥፉት 45 በ45 የሆነ ቦርሳ ይወጣዋል። ጎንና ጎኑ ሁለት ጊዜ ይሰፋ። ማንገቻው ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ አጭር ከሆነ ትከሻ ላይ አይገባም። ልብስ ሰፊው ማንገቻው ከቦርሳው የሚገናኝበትን ቦታ በአራት ማዕዘን ሰፍቶ መሃሉን በመስቀል እንዲያስረው ይንገሩት፤ ቦርሳ የሚበጠሰው ሁልጊዜ እዚያ ጋ ነው። ካረጀው ነጠላ ደግሞ ባለገመድ ትንንሽ ከረጢቶች ይውጡ፤ ለቲማቲም፣ ለቃሪያ፣ ለዳቦ።

ገበያ ውስጥ

ቅዳሜ ገበያ ሲገቡ ከከባዱ ይጀምሩ። ድንችና ሽንኩርት ከታች፣ ጎመን ከላይ፣ ቲማቲም በመጨረሻ። ሻጯ ከመመዘኗ በፊት ይናገሩ፤ አንዴ ከጠቀለለች በኋላ ማስፈታት ያጨቃጭቃል።

«እትዬ፣ አይጠቅልሉት፤ ሚዛኑን እዚሁ ዘንቢሉ ላይ ይገልብጡልኝ።»

«እሰይ! እኔስ መች ጠላሁ?»

የራስዎን ዕቃ ሚዛን ላይ የሚያስቀምጡ ከሆነ ባዶውን አስቀድመው ያስመዝኑ፤ አለበለዚያ የባልዲውን ክብደት በቲማቲም ዋጋ ይከፍላሉ። ሱፐርማርኬት ውስጥም የወረቀት ከረጢት በነፃ ይሁን በዋጋ ሒሳብ ከመዝጋትዎ በፊት ይጠይቁ።

ዓሣው

የባሕር ዳር ሰው ፈተና ይሄ ነው። ደግነቱ ለዓሣ ፌስታልም ቢሆን ጥሩ ዕቃ አልነበረም። የቀረሶ የጀርባ እሾህ ይበሳውና ውኃው እግር ላይ ይንጠባጠባል፤ አምባዛ ደግሞ ዝልግልጉ ስለሚበዛ ያንሸራትታል።

ክዳን ያለው ባልዲ ይያዙ፤ ለሙሉ ዓሣ ባለ አምስት ሊትር፣ ለፊሌቶ ከዚያ ያነሰ ይበቃል። ከታች የኮባ ወይም የሙዝ ቅጠል ያንጥፉ። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብ ካደረጉት ይለሰልሳል፣ ሲታጠፍም አይሰነጠቅም። ዓሣውን በላዩ ያድርጉ፣ በሌላ ቅጠል ይሸፍኑ፣ ክዳኑን ይግጠሙ። የባሕር ዳር ፀሐይ ቀልድ አያውቅምና ዓሣ የገበያው መጨረሻ ይሁን፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤት። ባልዲውን እንደገቡ በቀዝቃዛ ውኃና በሎሚ ይጠቡት፤ ሙቅ ውኃ ሽታውን ያጣብቀዋል። ለሌላ ነገርም አይጠቀሙበት። ሥጋ ቤት ሲሄዱ ክዳን ያለው ሌላ ሳህን ይያዙ።

እንጀራና ዱቄት

እንጀራ ከደጅ ለሚገዛ ሰው ሰፊ ትሪና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃል፤ መንገዱ ሩቅ ከሆነ አገልግል ይሻላል። ትኩስ እንጀራ ፌስታል ውስጥ ያልበውና ቶሎ ይሻግታል። ጨርቅ ውስጥ ደግሞ ብዙ ከቆየ ይደርቃል፤ ስለዚህ ቤት እንደገቡ ወደ መሶብ ያዛውሩት። ወፍጮ ቤት የጠበቀ ሽመና ያለው ጨርቅ ይውሰዱ፤ ነጠላ ዱቄት ያፈሳል። በርበሬ ብልቃጥ ውስጥ ብቻ፤ ጨርቅ ከነካ ቀለሙ አይለቅም።

መንገድና ቤት

ዘንቢሉን ብስክሌት መሪ ላይ አያንጠልጥሉት፤ ጎማ ውስጥ ይገባል። ከኋላ መጫኛው ላይ በአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ይሰሩት። በባጃጅ የሚሄዱ ከሆነ የዓሣው ባልዲ እግርዎ መሃል ይሁን።

ፌስታል ውስጥ ፌስታል አጭቀን ወጥ ቤት የሰቀልነው ክምችትስ? ከሰል ማቀጣጠያ አያድርጉት፤ ጭሱ መርዝ ነው። ቦይ ውስጥም አይጣሉት፤ የክረምት ጎርፍ ወደ ጣና ይዞት ይገባል። አንድ ላይ አስረው ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ይስጡ። የአቡጀዲውን ቦርሳ ደግሞ ታጥቦ እንደደረቀ ወጥ ቤት ሳይሆን በሩ እጀታ ላይ ይስቀሉት፤ ወጥ ቤት የተቀመጠ ቦርሳ ትዝ የሚለው ገበያ ከደረሱ በኋላ ነው።