ስድስት ተማሪ፣ አንድ ደብተር፦ በቡድን ጥናት ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የፊት ዴስክ ሦስት ተማሪዎች ወደ ኋላ ዞረው ከኋለኞቹ ሦስት ጋር ሲገጥሙ አንድ ለአምስት ተመሠረተ ይባላል። ነገሩ መበላሸት የሚጀምረውም እዚሁ ነው፦ መሃል የተቀመጠው ደብተር ለሦስቱ ተገልብጦ ይታያቸዋል፣ ዳር ያሉት ጭራሽ አያዩትም። ለስሌት ስድስቱ ለሁለት ይከፈሉ፤ ሦስት ሦስት ሆነው በአንድ ወገን ይቀመጡ።

ጎበዙ ብቻ ሲሠራ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ጥያቄው እንዲህ ይበል፦ «25 በመቶ ቅናሽ ተደርጎበት በ600 ብር የተሸጠ ጫማ የቀድሞ ዋጋው ስንት ነበር?» የቡድን መሪዋ 600ን ለ0.75 አካፍላ 800 ትላለች፤ አምስቱ ይገለብጣሉ። አንዱ ግን በልቡ የ600ን 25 በመቶ፣ ማለትም 150 ብር፣ ደምሮ 750 ብሎ ነበር። ቅናሹ የሚሰላው ከቀድሞው ዋጋ ላይ መሆኑን ሳይረዳ ይቀራል። ፈተና ላይ ደግሞ 750 ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ 5 ደቂቃ ሁሉም ለየብቻው፣ በየደብተሩ፣ ዝም ብሎ ይሥራ። ከዚያ መልሶቹ ጎን ለጎን ይታዩ፤ ውይይቱም ከተለያየው መልስ ይጀምር። 750 ያለው አሠራሩን ቀድሞ ይናገር፣ 800 ያለችው ትከተል። መሪዋ እስክሪብቶ አትያዝ፤ በቃል ታስረዳ።

መሪው ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰው ሲሆን ሌሎቹ አድማጭ ሆነው ይቀራሉ። በየሳምንቱ ይቀያየር።

ምዕራፍ ተከፋፍሎ መለያየት። መከፋፈሉ በራሱ ጥፋት የለውም፤ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤሊዮት አሮንሰን በ1971 እ.ኤ.አ. በቴክሳስ ኦስቲን የጀመረው ጂግሶው የተባለው ዘዴም በመከፋፈል ይሠራል። እዚያ ግን እያንዳንዱ ድርሻውን ለጓደኞቹ ያስተምራል፣ በመጨረሻም ሁሉም ለየብቻው ከጠቅላላው ትምህርት ይፈተናል። በእኛ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይኸኛው ግማሽ ነው። ለአንድ ድርሻ 10 ደቂቃ በቂ ነው፤ አስረጂው ደብተሩን ይዝጋ፣ አድማጮቹ ሁለት ሁለት ጥያቄ ይጠይቁት።

ስም ብቻ ማስፈር። አንዱ ሠርቶ ሽፋኑ ላይ የስድስት ሰው ስም ይጻፋል፣ ውጤቱም እኩል ይታደላል። መምህሩ ሥራውን ሲረከብ ከቡድኑ አንዱን በዕጣ ያውጣና አንድ ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ያሠራው፤ ነጥቡ የሁሉም ይሁን። ተማሪው ካቃተው አይሳቅበት፣ ወዲያው ነጥብም አይቀነስ። ቡድኑ 5 ደቂቃ ያስረዳውና ያው ተማሪ እንደገና ይውጣ።